የዕፅዋት ፍላቮኖይዶችን ለስኳር ሕመም መድኃኒትነት የማብቃት ጥረትና የቅመማው ፈተና

የስኳር ሕመም የኑሮ ደረጃና የአገር ድንበር ሳይለይ ከሚስፋፉት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባወጣው 11ኛ እትም አትላስ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 589 ሚሊዮን ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ነበር። ይህም በተጠቀሰው የዕድሜ ክልል ከሚገኙ ዘጠኝ ሰዎች አንዱ ማለት ነው። ሕመሙ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ክትትልና መድኃኒት የሚጠይቅ በመሆኑ በታማሚው ቤተሰብም ሆነ በመንግሥት በጀት ላይ የሚያሳርፈው ጫና ቀላል አይደለም።

በዚህ ምክንያት በአካባቢ ከሚገኙ ዕፅዋት የደም ስኳርን የሚቀንስ መድኃኒት የማግኘት ሐሳብ የየአገሩን ተመራማሪዎች ትኩረት ሲስብ ቆይቷል። በአገራችንም ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ለስኳር ሕመም ይበጃሉ እየተባሉ በየገበያው ይሸጣሉ፤ በከተሞች ደግሞ በእሽግና በብልቃጥ ተዘጋጅተው ይቀርባሉ። የምርምር ድጋፍ ጥያቄ የሚቀርብለት የሥራ ኃላፊ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያና የንግድ ፈቃድ ሠራተኛ «ይህ ዕፅ የደም ስኳርን እንደሚቀንስ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» የሚል ሰነድ ጠረጴዛቸው ላይ ማግኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል መንገድ እንደሚያስኬድና ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። የሚቀረው ሥራ በአብዛኛው የቅመማ ሥራ ነው።

ፍላቮኖይድ ምንድን ነው?

ፍላቮኖይድ ዕፅዋት በቅጠላቸው፣ በአበባቸው፣ በፍሬያቸውና በቅርፊታቸው የሚያመርቷቸው ውሁዶች የጋራ መጠሪያ ነው። እስካሁን ከ6 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተለይተው ታውቀዋል። ለበርካታ አበቦችና ፍራፍሬዎች ቀለም የሚሰጡት እነዚሁ ውሁዶች ሲሆኑ፣ ተክሉን ከፀሐይ ጨረርና ከተባይ በመከላከልም ያገለግላሉ። በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን፣ በብርቱካን ውስጥ ሄስፔሪዲን፣ በሻይ ቅጠል ውስጥ ካቴኪን፣ በአኩሪ አተር ውስጥ ጄኒስቴይን ይገኛሉ። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጂዮርጂ እ.ኤ.አ. በ1936 ለእነዚህ ውሁዶች «ቫይታሚን ፒ» የሚል ስያሜ ሰጥቷቸው ነበር። ውሁዶቹ ቫይታሚን ለመባል የሚያበቃ መስፈርት እንደማያሟሉ ሲታወቅ ግን ስያሜው ቀርቷል።

በላቦራቶሪ ሲፈተሹ ፍላቮኖይዶች በደም ስኳር ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ በብዙ አቅጣጫ ይታያል። አንዳንዶቹ በትንሹ አንጀት ውስጥ ስታርችን ወደ ግሉኮስ የሚሰብሩትን ኢንዛይሞች ያዳክማሉ። ሌሎቹ የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ከደም ግሉኮስ እንዲወስዱ ያነሳሳሉ፣ ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳያመርት ይገታሉ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ከጉዳት ይከላከላሉ። አንድ ውሁድ ይህን ሁሉ ሲያደርግ መታየቱ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ለጥርጣሬም በር የሚከፍት ነው። በብርጭቆ ሳህን ላይ በተዘረጉ ሕዋሳት የሚደረገው ሙከራ ንጹሑን ውሁድ በቀጥታ ሕዋሱ ላይ ያፈሳል። በሰው አካል ውስጥ ግን ውሁዱ መጀመሪያ በአንጀት ፈሳሽ መሟሟት፣ ቀጥሎ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ፣ ከዚያም በጉበት ሳይለወጥ ደም ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። በእነዚህ ሦስት ኬላዎች ላይ አብዛኛው ፍላቮኖይድ ተይዞ ይቀራል።

ከኬላዎቹ ሁሉ እጅግ የሚከብደው የመጨረሻው ነው ለማለት ይቻላል። ኩዌርሴቲን ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ግሉኩሮኒክ አሲድና ሰልፌት እየለጠፉ ወደ ሌላ ውሁድ ይለውጡታል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኩዌርሴቲን ራሱ ሳይሆን በአብዛኛው ተለዋጩ ነው። በብርጭቆ ሳህን ላይ የተፈተነው አንድ ነገር፣ የታማሚው ሕዋስ የሚያገኘው ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። መጠኑም ቢሆን በላቦራቶሪ ከሚፈሰው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

ሽንኩርቱ ከንጹሑ ውሁድ ሲበልጥ

በዚህ ረገድ በኔዘርላንድስ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ጥናቱ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና የተወገደላቸው ዘጠኝ ፈቃደኞች የተሳተፉበት ነው። እነዚህ ሰዎች የተመረጡት ከትንሹ አንጀት የሚወጣውን ቅሪት በቀጥታ ሰብስቦ ምን ያህሉ ውሁድ እንደተመጠጠ ለማስላት ስለሚያመች ነው። ተሳታፊዎቹ በተለያየ ጊዜ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ንጹሕ ኩዌርሴቲንና ሩቲን የተባለውን ፍላቮኖይድ ወሰዱ። ሩቲን ኩዌርሴቲንን ከሁለት የስኳር ሞለኪውሎች ጋር ያጣመረ ውሁድ ነው።

የተጠበቀው ንጹሑ ኩዌርሴቲን ከሁሉ በተሻለ እንደሚመጠጥ ነበር፤ የዚያን ዘመን ዕውቀት ስኳር የተጣበቀበት ፍላቮኖይድ በትንሹ አንጀት አያልፍም ይል ነበርና። ውጤቱ ግን በተቃራኒው ሆነ። ከሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን 52 በመቶው፣ ከንጹሑ 24 በመቶው፣ ከሩቲን ደግሞ 17 በመቶው ብቻ እንደተመጠጠ ተሰላ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ሽንኩርት ከተበላ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኩዌርሴቲን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ፣ ከሩቲን የሚገኘው ግን ዘጠኝ ሰዓት ያህል እንደሚወስድ ታይቷል።

ልዩነቱን የፈጠረው የስኳሩ ዓይነት ነው። በሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን የሚጣመረው ከግሉኮስ ጋር ሲሆን፣ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ኢንዛይም ይህን ግሉኮስ ቆርጦ ኩዌርሴቲኑ በዚያው እንዲገባ ያደርጋል። የሩቲንን ጥንድ ስኳር ግን ይህ ኢንዛይም አይቆርጠውም። ስለዚህ ሩቲን እንዳለ ወርዶ ትልቁ አንጀት ይደርስና በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እስኪሰብሩት ይቆያል። አንዲት የስኳር ሞለኪውል መጨመሯ ወይም መጉደሏ ውሁዱ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የአንጀት ክፍልና ምን ያህል እንደሚገባ ትወስናለች። የቅመማ ባለሙያ የሚሠራው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

የፖም ዛፍ ቅርፊት የሄደበት መንገድ

ይኸው የአንጀት ኢንዛይም ለሌላ ፍላቮኖይድ ደግሞ ዋና እንቅፋት ሆኖ ተገኝቷል። ታሪኩ ከዕፅዋት የሚነሳ የስኳር መድኃኒት ምን ዓይነት መንገድ ማለፍ እንዳለበት ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ስለሚያሳይ በዝርዝር መመልከቱ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1835 የአውሮፓ ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ውሁድ ለይተው አወጡ። በዘመኑ ወባን ለማከም ያገለግል የነበረው ኪኒን የተገኘው ከመራራ የዛፍ ቅርፊት በመሆኑ ፍሎሪዚንም ለትኩሳት ሕመሞች ይፈውስ እንደሆነ ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን የተሰጣቸው እንስሳት በሽንታቸው ብዙ ስኳር እንደሚያወጡ አስታወቀ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ግኝቱ የኩላሊትን አሠራር ለማጥናት ከማገልገል አላለፈም።

የኩላሊትን ሥራ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኩላሊት በቀን 180 ግራም ያህል ግሉኮስ ከደም ያጣራል፤ በጤነኛ ሰው ላይ ግን ይህ ሁሉ ማለት ይቻላል ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ በሽንት ውስጥ ስኳር አይታይም። ከተመላሹ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያጓጉዘው ኤስጂኤልቲ 2 በሚል ስያሜ የሚታወቅ ፕሮቲን ነው። ፍሎሪዚን ይህንን አጓጓዥ በመዝጋት ትርፉ ግሉኮስ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ፍሎሪዚን ሲወጉ የደም ስኳራቸው ወደ ጤናማው መጠን ከመመለሱም በላይ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እንደተስተካከለ አሳየ።

ታዲያ ለምን ወዲያውኑ መድኃኒት አልሆነም? ምክንያቱ በአፍ ሲወሰድ የሚገጥመው ዕጣ ነው። ፍሎሪዚን እንደ ሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን ግሉኮስ የተጣበቀበት ውሁድ ስለሆነ ከላይ የተጠቀሰው የአንጀት ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ሽንኩርቱን የጠቀመው ቁረጣ ፍሎሪዚንን ያከሽፈዋል፤ የሚቀረው ፍሎሬቲን በኩላሊት ያለውን አጓጓዥ የመዝጋት አቅም የለውምና። ኢንዛይሙ ከሁለት መጠሪያዎቹ አንዱን ያገኘው ከዚሁ ውሁድ ነው፤ በሳይንሱ ዓለም ላክቴዝ ፍሎሪዚን ሃይድሮሌዝ ተብሎ ይጠራል። በተጨማሪም ሳይቆረጥ የቀረው ፍሎሪዚን በአንጀት ያለውን ተመሳሳይ አጓጓዥ ስለሚዘጋ ተቅማጥ ያስከትላል።

የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዚንን መሰል ውሁድ የአንጀቱን ኢንዛይም እስኪያልፍ ድረስ የሚሸፍነው ቁራጭ አበጁለት፤ መድኃኒቱ ግን ለገበያ ሳይበቃ ቆመ። መፍትሔው የተገኘው ኬሚስቶች የግሉኮሱን ማያያዣ ራሱን ሲለውጡት ነው። በተፈጥሮው ፍሎሪዚን ግሉኮሱ የተያያዘው በኦክስጅን አማካይነት ሲሆን፣ አዲሶቹ ውሁዶች በቀጥታ በካርቦን እንዲያያዙ ተደረገ። ይህንን ማያያዣ የአንጀቱ ኢንዛይም መቁረጥ አይችልም። በዚህ መንገድ የተሠራው ዳፓግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓ ኅብረት፣ ካናግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተፈቀዱ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዳፓግሊፍሎዚንን በመጀመሪያ የካንሰር ሥጋት ጥያቄ በማንሳት እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ሳይቀበለው ቀርቶ ተጨማሪ መረጃ ከቀረበለት በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 እንደፈቀደው መጥቀስም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነውና 7,020 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ኢምፓግሊፍሎዚን በልብና በደም ሥር ችግር የሚደርሰውን ሞት በ38 በመቶ መቀነሱ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንን የመድኃኒት ቤተሰብ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል።

ከቅርፊቱ እስከ እንክብሉ 177 ዓመታት ማለፋቸውን ልብ ይሏል። ፍሎሪዚን የደም ስኳርን እንደሚቀንስ በእንስሳት ከታየ በኋላ እንኳን ለታማሚ የሚሰጥ መድኃኒት እስኪሆን 25 ዓመት ፈጅቷል። በመካከሉ የተሠራው ሥራ በሙሉ ለማለት ይቻላል ውሁዱን በአንጀት በኩል በሰላም ማሳለፍና ጉዳት እንደሌለው ማረጋገጥ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው መድኃኒትም የዛፉ ቅርፊት አይደለም፤ በቅርፊቱ ውስጥ የተገኘው ሐሳብ ነው። የፖም ቅርፊት ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው ኢምፓግሊፍሎዚን አያገኝም።

ውሁዱን ሳይለውጡ ቅመማውን ማሻሻል

ሁሉም ተመራማሪ የውሁዱን አካል የሚለውጥ የኬሚስትሪ አቅም የለውም፤ ሁልጊዜም አስፈላጊ አይሆንም። ውሁዱን እንዳለ ይዞ አቀራረቡን የሚያሻሽሉ ዘዴዎች አሉ።

ቀላሉ ቅንጣቱን ማድቀቅ ነው። ደም መላሽ ሥሮች ሲያብጡና ለኪንታሮት ሕመም በብዙ አገሮች የሚታዘዘው ዳፍሎን ዲኦስሚንና ሄስፔሪዲን የተባሉ ፍላቮኖይዶችን የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በልዩ ዘዴ እጅግ ከደቀቀው ዲኦስሚን 57.9 በመቶ ሲመጠጥ፣ ካልደቀቀው የተመጠጠው 32.7 በመቶ ነበር። ዳፍሎን የስኳር መድኃኒት አይደለም። ሆኖም ወፍጮ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል በሰው ላይ ያሳየ ማስረጃ በመሆኑ ለስኳር ሕመም ለሚታሰቡት ፍላቮኖይዶችም ትምህርት ይሆናል።

ሁለተኛው ዘዴ ውሁዱን በስብ ማቀፍ ነው። ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ በሚገኘው ሌሲቲን የተያዘ ፍላቮኖይድ የአንጀትን ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። አዘገጃጀቱ ፊቶዞም የሚባል ሲሆን፣ የጣሊያን ኩባንያ የሆነው ኢንዴና ያዳበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመና 12 ጤነኛ ፈቃደኞች በተሳተፉበት ጥናት በዚህ መልክ የቀረበው ኩዌርሴቲን በደም ውስጥ የታየበት መጠን ከተራው እስከ 20 እጥፍ ደርሷል።

ሦስተኛው ከሽንኩርቱ የተወሰደ ትምህርት ነው ሊባል ይችላል። በጃፓን በሚሠራበት ዘዴ ሩቲን በኢንዛይም አማካይነት ከሁለቱ ስኳሮች አንዱ ይወገድለትና ግሉኮሱ ብቻ የቀረለት ኩዌርሴቲን ይሆናል፤ በላዩ ላይ ተጨማሪ ግሉኮስ ሲጣበቅበት ደግሞ በውኃ በደንብ ይሟሟል። ርካሹንና በብዛት የሚገኘውን ሩቲን አንጀት ወደሚቀበለው መልክ የሚለውጥ አሠራር በመሆኑ ሩቲን የሞላባቸው ዕፅዋት ላሏቸው አገሮች ልዩ ትኩረት የሚገባው ይመስለናል።

ከእነዚህ በተጨማሪ በሳይክሎዴክስትሪን ማቀፍ፣ በፖሊመር የናኖ ቅንጣቶች መጠቅለልና በአንጀት ውስጥ በራሱ የሚበተን የዘይት ቅልቅል ማዘጋጀት በየዓመቱ ብዙ ጽሑፍ የሚታተምባቸው መስኮች ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከአይጥ አላለፉም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በደም ውስጥ ያለው የፍላቮኖይድ መጠን 20 እጥፍ መጨመሩ የደም ስኳር በዚያው ልክ ይወርዳል ማለት አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የ2019 ጥናት የለካው በጤነኞች ደም ውስጥ ያለውን ኩዌርሴቲን እንጂ በታማሚዎች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አይደለም። በሌላ በኩል ሁሉም ፍላቮኖይድ ወደ ደም እንዲገባ መድከም አያስፈልግም። የሚፈለገው ሥራ በአንጀት ውስጥ ስታርች እንዳይሰበር ማዘግየት ከሆነ ውሁዱ በዚያው በአንጀት ቢቆይ ይሻላል፤ በዚሁ መርህ የሚሠራው አካርቦዝ የተባለው የታወቀ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ስለዚህ «መመጠጡን አሻሽለናል» የሚል ሰነድ ሲቀርብ ውሁዱ የሚሠራው የት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአይጥ ወደ ሰው

በዚህ መስክ የሚታተሙት የእንስሳት ጥናቶች በብዛት ስትሬፕቶዞቶሲን የተባለ ኬሚካል የተወጉ አይጦችን ይጠቀማሉ። ኬሚካሉ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ይገድላል። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ለዓመታት እየተጠራቀመ የሚመጣና በአመዛኙ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከመዳከሙ የሚነሳ ነው። ፍላቮኖይዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ኬሚካሉ ከኋላ ከተወጋ ደግሞ የታየው ውጤት ሕክምና ሳይሆን ከመርዝ መከላከል ሊሆን ይችላል። ሰነዱን የሚገመግም ባለሙያ የአሰጣጡን ቅደም ተከተል ቢያጣራ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ቁጥራቸው ያነሰ፣ አብዛኞቹም በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተካሄዱ ናቸው። ከተሻሉት መካከል በኢራን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ይጠቀሳል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው 51 ታማሚዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር አንደኛው ቡድን በቀን ሦስት ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ሲሊማሪን፣ ሌላው ደግሞ መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ እንክብል ለአራት ወራት ወሰዱ። ሲሊማሪን ሚልክ ቲስል ከሚባል እሾሃማ ተክል ፍሬ የሚወጣ የፍላቮኖይድ ዝርያ ነው። የወራት አማካይ የደም ስኳርን የሚያሳየው የኤዋንሲ ምርመራ ውጤት ሲሊማሪን በወሰዱት ላይ ከ7.82 ወደ 6.78 ወርዷል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም 51 ሰው ከ7,020 ሰው ጋር ሲነጻጸር የማስረጃው ክብደት ምን ያህል እንደሚለያይ ግልጽ ነው።

ሽፈራው ከዚህ አንጻር

ከአገራችን ዕፅዋት መካከል ውይይቱን በቀጥታ የሚመለከተው ሽፈራው ነው። በጋሞ ሃለኮ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ይህ ዛፍ በኮንሶና በአካባቢው የዘወትር ምግብ ነው። የዛፉ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ የተገኘው ጭማቂ በጥንቸሎች ላይ የደም ስኳርን እንደቀነሰ የሚገልጽ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል፤ ከዚያ በኋላም በአይጦች ላይ ተመሳሳይ ውጤቶች ቀርበዋል። በእንግሊዙ ግሪንዊች ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው ፍላቮኖይድ ሩቲን መሆኑንና መጠኑም ከደረቅ ቅጠሉ ክብደት ከ2 በመቶ በላይ እንደሚሆን አመልክቷል።

ሩቲን ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ በትንሹ አንጀት ከሚመጠጡት ሁሉ የመጨረሻው ነው። ለማሳያ ያህል በ10 ግራም ደረቅ ቅጠል ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ሩቲን አለ ብንልና በኔዘርላንድሱ ጥናት የተገኘውን 17 በመቶ ብንወስድ፣ በትንሹ አንጀት የሚያልፈው 34 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ ስሌት ቅጠሉ ዋጋ የለውም አያሰኝም። ቅጠሉ አሰርና ሌሎች ውሁዶችም አሉት፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚሰበረውም ሩቲን የራሱ አስተዋጽኦ ይኖረዋል። ስሌቱ የሚያሳየው በእሽግ ላይ «ሽፈራው፣ ለስኳር» ብሎ በመጻፍና መድኃኒት በማዘጋጀት መካከል ምን ዓይነት ሥራ እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የይዘት ወጥነት ነው። የቅጠል ፍላቮኖይድ መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱ፣ እንደ ቅጠሉ ዕድሜና እንደ አደራረቁ ይለያያል። በፀሐይ የደረቀና በጥላ የደረቀ ቅጠል አንድ አይደለም፤ በፈላ ውኃ የተዘፈዘፈና በአልኮል የተጨመቀም እንዲሁ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ሩቲን እንዳለ ያልተጻፈበት ምርት ቢጠቅምም ባይጠቅምም ማወቅ አይቻልም፤ ታማሚው ዛሬ የወሰደው ከነገው ጋር እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለምና።

የበለጠ መመጠጥ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል

የተሻሻለ ቅመማ ጥቅሙን ሲያሳድግ ጉዳቱንም ሊያሳድግ ይችላል። አረንጓዴ ሻይ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረ መጠጥ ነው። ይሁንና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሻይ ካቴኪን በተጨማሪ ምግብነት መውሰድ የጉበት ጉዳትን ከሚያመለክት የኢንዛይም መጨመር ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። በሲኒ የማይጎዳው በእንክብል ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። «ቅጠሉን አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል» የሚለው ክርክር ለቅጠሉ እንጂ ለተጠናከረው ጭማቂ አያገለግልም።

መመጠጥን ለማሳደግ ፒፐሪን የተባለውን የቁንዶ በርበሬ ውሁድ የሚጨምሩ አዘጋጆች አሉ። ፒፐሪን ፍላቮኖይዱ በአንጀትና በጉበት እንዳይለወጥ ይገታል። ነገር ግን የሚገታው ኢንዛይም ሌሎች መድኃኒቶችንም የሚሰብር ስለሆነ ታማሚው የሚወስደው የደም ግፊት ወይም የሌላ ሕመም መድኃኒት በደሙ ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊከማች ይችላል። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳር በሚቀንስ ሌላ ነገር ላይ ሲደርብ ደግሞ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የታዘዘን መድኃኒት ትቶ ወደ ቅጠሉ መዞር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ወጣት ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። የትኛውም ፍላቮኖይድ፣ በየትኛውም ቅመማ፣ የኢንሱሊንን ቦታ አይተካም።

የፈቃድና የበጀት ውሳኔ

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ለገበያ የሚቀርቡ መድኃኒቶችን ደኅንነት፣ ፈዋሽነትና ጥራት የመቆጣጠርን ኃላፊነት የሚደነግግ ነው። በአንድ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የተሰጠ የንግድ ፈቃድ ይህንን አይተካም። እሽጉ ላይ «ምግብ» የሚል ጽሑፍ እየተለጠፈ በቃል «ያድናል» የሚባለው ምርት ቁጥጥሩን ለማምለጥ የተመረጠ መንገድ መሆኑን ለሚመለከታቸው ሠራተኞች መንገር አያሻም፤ ያውቁታልና።

ለምርምር ድጋፍ የሚቀርብ ሰነድ ሲመረመርም ከርዕሱ ይልቅ አራተኛውና አምስተኛው ገጽ ቢነበብ ይሻላል። ጭማቂው የሚለካበት መለያ ውሁድ ተሰይሟል? በሰው ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚለካ ዕቅድ አለ? ማነጻጸሪያው ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውና ውጤቱ የታወቀው ሜትፎርሚን ነው ወይስ ምንም? የሚለካው ጠዋት አንድ ጊዜ የተወሰደ የደም ስኳር ነው ወይስ የሦስት ወሩ የኤዋንሲ ውጤት? ሌላ ሃምሳ አይጥ ላይ የሚደረግ ተመሳሳይ ሙከራ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ሃምሳ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የሩቲንን መጠን የሚለካ ጥናት ግን፣ ውጤቱ ባያስደስት እንኳን፣ ቀጣዩ ገንዘብ የት መዋል እንዳለበት ይነግራል።

ዕፁ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነም ሌላ ሕግ አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብትም ሆነ ከእርሱ ጋር የተያያዘ የማኅበረሰብ ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትንና ከሚገኘው ጥቅም መጋራትን ይደነግጋል። በፍሎሪዚን ታሪክ እንደታየው መድኃኒት የሚሆነው በመጨረሻ ቅጠሉ ሳይሆን ከቅጠሉ የተወረሰው የተለወጠ ውሁድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስምምነቱ ሰነድ ከተላከው ቅጠል ኪሎ ግራም አልፎ ከእርሱ የሚመነጩ ተዋጽኦ ውሁዶችንና በእነርሱ ላይ የሚወጣ የፈጠራ መብትን በግልጽ ማካተቱን ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ማረጋገጥ የፈራሚው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው።